ዲስክ ከተተካ በኋላ የማስነሻ ኮድን ስለ መጫን (ፍሪቢኤስዲ፣ ዜድኤፍኤስ ሚረር)

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የማስተዳድረው ሰርቨር ፍሪቢኤስዲ በተባለው ሥርዓተ ክወና የሚሠራ ሲሆን፣ አዳ0 እና አዳ1 የተባሉ ሁለት ዲስኮች በዜድኤፍኤስ ሚረር (አንዱ ዲስክ የሌላው ቅጂ በሚሆንበት የፋይል ሥርዓት አደረጃጀት) ተጣምረውበታል። አዳ1 ስለ ተበላሸ በአዲስ ዲስክ ተክቼዋለሁ፤ የክፋዮቹን (የዲስኩን ክፍሎች) ሰንጠረዥ የክፋይ ማስተዳደሪያ ትእዛዝ በሆነው በጂፓርት ባክአፕ ከአዳ0 ወስጄ በጂፓርት ሪስቶር አዲሱ ላይ ካሰፈርሁ በኋላ፣ የዜድኤፍኤሱን ክፋይ በዜድፑል ሪፕሌስ ወደ ሚረሩ አስገብቼዋለሁ። ሪሲልቨሩ (ዳታውን ወደ አዲሱ ዲስክ መገልበጡ) ያለ ስሕተት ተጠናቋል፤ ዜድፑል ስታተስም ሁለቱንም ኦንላይን ይላቸዋል። ይሁንና ለሙከራ አዳ0ን ነቅዬ ማሽኑን ስከፍተው አዲሱ ዲስክ ብቻውን አያስነሳውም። የክፋዮቹ ቅደም ተከተል 512 ኪሎባይት የሆነ የፍሪቢኤስዲ ቡት (የማስነሻ ኮድ የሚቀመጥበት)፣ ቀጥሎ ስዋፕ (የማስታወሻ ማገዣ)፣ በመጨረሻም ዜድኤፍኤስ ነው። ዳታው በሙሉ ተገልብጦ ሳለ የማይነሳው ለምንድን ነው?

መልስ፦
ሰላም ወንድሜ። ዜድኤፍኤስ የሚያመሳስለው በራሱ ክፋይ ውስጥ ያለውን ብቻ ነው፤ የዲስኩ የመጀመሪያ ሴክተርና የቡት ክፋዩ ከእርሱ ግዛት ውጭ ስለሆኑ ሪሲልቨር ቢጠናቀቅም አይደርስባቸውም። ጂፓርት ባክአፕም ቢሆን የክፋዮቹን ዓይነት፣ መነሻና መጠን እንጂ በውስጣቸው የተጻፈውን አይመዘግብም። ስለዚህ አዲሱ ዲስክዎ ላይ ያለው የቡት ክፋይ ስሙና ስፋቱ የተሟላ፣ ውስጡ ግን ባዶ ነው።

በባዮስ (በማሽኑ ውስጥ ባለው የቆየ የማስነሻ ፕሮግራም) የሚነሳ ማሽን መጀመሪያ የሚያነበው 512 ባይት የሆነውን ያንኑ የመጀመሪያ ሴክተር ነው። ከዚህ ውስጥ 64 ባይት ለክፋይ ሰንጠረዥ፣ የመጨረሻዎቹ 2 ባይት ለመለያ ምልክት ስለሚያዙ፣ ለኮድ የሚተርፈው ቢበዛ 446 ባይት ነው። ይህች ጠባብ ቦታ ዜድኤፍኤስን ማንበብ የሚችል ፕሮግራም አትይዝም። በዚያ የሚቀመጠው ፒኤምቢአር የተባለ አነስተኛ ኮድ ሥራው ጂፒቲ በተባለው የዲስኩ የክፋይ ሰንጠረዥ ውስጥ የፍሪቢኤስዲ ቡት ዓይነት የሆነውን ክፋይ ፈልጎ ይዘቱን ወደ ማስታወሻ መጫን ብቻ ነው፤ ዜድኤፍኤስን የሚያውቀው፣ ሎደሩንም (ሥርዓተ ክወናውን የሚጭነውን ፕሮግራም) ከፑሉ (ከዜድኤፍኤሱ የዲስኮች ስብስብ) አግኝቶ የሚያስነሳው በክፋዩ ውስጥ ያለው ጂፒቲዜድኤፍኤስቡት ነው። ሁለቱም መጻፍ አለባቸው። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ የሚጽፈው ጂፓርት ቡትኮድ የተባለው ትእዛዝ ነው፦ በትንሿ «ቢ» ምርጫ የፒኤምቢአርን ፋይል፣ በ«ፒ» የጂፒቲዜድኤፍኤስቡትን ፋይል (ሁለቱም በቡት ማውጫ ውስጥ ይገኛሉ)፣ በ«አይ» የክፋዩን ቁጥር 1፣ በመጨረሻም የዲስኩን ስም አዳ1 ይሰጡታል። ሥርዓቱ እየሠራ ሳለ መፈጸም ይቻላል፤ የፑሉን ዳታ አይነካም።

መልስ፦
ማብራሪያው ትክክል ነው፤ ነገር ግን ይህን የሚያነቡ ሌሎች ሰዎች ቁጥር 1ን በጭፍን እንዳይወስዱ አሳስባለሁ። በብዙ ማሽኖች ላይ የመጀመሪያው ክፋይ የኢኤፍአይ (ባዮስን የተካው የማስነሻ ዘዴ) ሲሆን የቡት ክፋዩ ሁለተኛ ነው፤ እንዲህ ባለ ዲስክ ላይ ቁጥር 1 ብለው ቢያዙ ጂፓርት ሳይጠራጠር የኢኤፍአይውን የፋት ፋይል ሥርዓት ይደመስሰዋል። በእኔ እምነት የክፋዮችን ዝርዝር የሚያሳየው ጂፓርት ሾው ሳይታይ ይህ ትእዛዝ ፈጽሞ ሊጻፍ አይገባም። ማሽኑ በዩኢኤፍአይ (በዚሁ የኢኤፍአይ ዘዴ) የሚነሳ ከሆነ ደግሞ ይህ ሁሉ አያስፈልግም፦ የኢኤፍአይው ክፋይ በፋት ይቀረጽና የኢኤፍአይው ሎደር ፋይል ፈርምዌሩ (የማሽኑ የውስጥ ማስነሻ ፕሮግራም) በሚፈልገው ማውጫና ስም ይገለበጥበታል።

ጠያቂው፦
እጅግ አመሰግናለሁ፤ አሁን በአዳ1 ብቻ ተነስቷል። ሥርዓቱን ባሻሻልሁ ቁጥር ይህን መድገም ይኖርብኛል?

መልስ፦
ፍሪቢኤስዲ አፕዴት በቡት ማውጫ ውስጥ ያሉትን ፋይሎች ያድሳል እንጂ ወደ ክፋዩ አይጽፋቸውም። በተለይ ዜድፑል አፕግሬድ ከማድረግዎ በፊት በሁለቱም ዲስኮች ላይ አዲሱን ኮድ ይጻፉ፤ ፑሉ አዳዲስ ባሕርያት ከነቁለት በኋላ የቆየው ኮድ ሊያነበው ላይችል ይችላል። ወደ ቀድሞው መመለስም አይቻልም። ቀደም ባሉት ዓመታት በተዘጋጁ ዲስኮች ላይ 64 ኪሎባይት ብቻ የተሰጠው የቡት ክፋይ ሊያጋጥምዎ ይችላል፤ የዛሬው ጂፒቲዜድኤፍኤስቡት አይገባበትም። እንደ እርስዎ ቀጥሎ ያለው ስዋፕ ከሆነ ስዋፑን አጥፍቶ ክፋዩን ማስፋት፣ ከዚያም ስዋፑን አሳንሶ እንደገና መፍጠር ይቻላል፤ የቡት ክፋዩ ግን ከ545 ኪሎባይት በታች መሆን አለበት።