የጋራ ፕሮፖዛላችን፦ ከጨረር ሕክምና በኋላ የማህፀን በር ካንሰር ማገርሸቱን በደም መከታተል

አስተባባሪ (የጨረር ሐኪም)፦
ሰላም ለሁላችሁም። እንደተባባልነው ረቂቁን እዚሁ እንቅረጸው። በአገራችን ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚታየው የማህፀን በር ካንሰር ነው። ብዙዎቹ የሚደርሱን ለቀዶ ሕክምና ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው። ስለዚህ ጨረር እንሰጣለን፤ ከተቻለ ሲስፕላቲን ከተባለው የካንሰር መድኃኒት ጋር። ከዚያ ሴትዮዋ ወደ አገሯ ትመለሳለች። ካንሰሩ የሚያገረሽ ከሆነ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ 2 ወይም 3 ዓመታት ነው። በየቀጠሮው ኤምአርአይ ማንሳት አይታሰብም። ደም ግን የትም ይቀዳል። ኤስሲሲ አንቲጅንን (ይህ ካንሰር ሲኖር ደም ውስጥ ከፍ ሊል የሚችል ፕሮቲን) በየ3 ወሩ ብንለካ፣ ማገርሸቱን ቀድሞ ይጠቁመን ይሆን? በፕሮስቴት ካንሰር ይህ መንገድ ተጠርጓል፦ ከጨረር በኋላ ፒኤስኤ (ከፕሮስቴት የሚመነጭ፣ በደም የሚለካ ፕሮቲን) ከወረደበት ዝቅተኛ ቁጥር በሚሊሊትር በ2 ናኖግራም ከጨመረ አገርሽቷል ይባላል። ለእኛ ታካሚዎች ግን ሁሉም የተስማማበት ቁጥር የለም።

ከላቦራቶሪ፦
ዶክተር፣ ሐሳቡን እደግፋለሁ። ረቂቁ ግን የመጀመሪያው ደም ጨረሩ ካለቀ በኋላ ይቀዳ ይላል። ይሄ መለወጥ አለበት። ይህን አንቲጅን ጨርሶ ከፍ የማያደርግ ዕጢ አለ። ከመነሻው ዝቅ ያለ ከነበረ፣ በኋላም ዝቅ ማለቱ ምንም አይነግረንም። ሳናውቅ «ደህና ነሽ» ብለን እንሸኛታለን። አዴኖካርሲኖማ (ፈሳሽ ከሚያመነጩ ሴሎች የሚነሳው ዓይነት) ያለባቸውንም ከዚህ ጥናት እናውጣቸው፤ ኤስሲሲ ለስኩዌመሱ፣ ማለትም ከጠፍጣፋ የሽፋን ሴሎች ለሚነሳው ዓይነት ነው። ሌላው፣ ምራቅና ቆዳ ላይ አንቲጅኑ ሞልቷል። ናሙናው ያለ ጓንትና ያለ ማስክ ከተነካ ቁጥሩ በከንቱ ይጨምራል። ለዚህ ሥልጠና ይመደብ።

አስተባባሪ፦
ልክ ነህ። አስተካክያለሁ፤ የመጀመሪያው ደም ከመጀመሪያው የጨረር ቀን በፊት ይቀዳል።

የውስጥ ደዌ ሐኪም፦
ኩላሊትን ረሳችሁት! ኩላሊት ሲደክም ኤስሲሲ ካንሰሩ ሳይመለስም ከፍ ይላል። የእኛ ታካሚዎች ደግሞ ኩላሊታቸው የሚጎዳው በዚሁ በሽታ ነው። ዕጢው ከኩላሊት ሽንት የሚያወርደውን ቱቦ ይጫነዋል። ጨረሩ ራሱም ከዓመታት በኋላ ቱቦውን ሊያጠበው ይችላል። ስለዚህ ቁጥሩ ሲጨምር በተለይ ሁለት ነገር እንጠረጥራለን፦ ወይ ካንሰሩ ተመልሷል፣ ወይ ቱቦው ጠቧል። ሁለቱም አስቸኳይ ነው፤ ሕክምናቸው ግን ለየቅል ነው። በየቀጠሮው ክሬአቲኒን (የኩላሊትን ሥራ የሚያሳይ የደም ምርመራ) አብሮ ካልተለካ ጥናቱን ባልፈርም ይሻለኛል። ሶሪያሲስና (ቆዳን የሚያቀላና የሚያስቀርፍ በሽታ) ሌላ የቆዳ በሽታም ቁጥሩን ሊጨምር ስለሚችል ይመዝገብ።

አባል ከጅማ፦
እኛም እንግባ። ናሙናውን በጥልቅ ማቀዝቀዣ አቆይተን መላክ እንችላለን። መብራት ሲጠፋ የሚነሳ ጄኔሬተር ግን በጀቱ ውስጥ ይካተትልን።

ሲስተር (ከክትትል ክፍል)፦
እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ቁጥሩ ሲጨምር ምን ልንላቸው ነው? አንዲት እናት ውጤቷ በስልክ ተነገራት። ላሟን ሸጣ መጣች። ተመርምራ ምንም አልተገኘባትም። ደግመን ስንለካው ወርዷል። ያቺ ላም እስካሁን ከፊቴ አልጠፋችም። እባካችሁ፣ አንድ ጊዜ በመጨመሩ ብቻ ማንም አይደንግጥ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይደገም። ዳግም ከጨመረ የማህፀን ምርመራውና ሲቲስካኑ በጥናቱ ወጪ ይሁን። መጓጓዣውም እንዲሁ።

አስተባባሪ፦
ሲስተር፣ ይህ የበጀቱ የመጀመሪያ መስመር ይሆናል። ከመሣሪያው በፊት አስቀምጬዋለሁ። ለስምምነት ቅጹ አንድ አንቀጽ ትጽፊልናለሽ?

ሲስተር፦
ይኸው፦ «የደምዎ ቁጥር መጨመሩ ብቻውን በሽታው ተመልሷል ማለት አይደለም። ከጨመረ ደግመን እንለካዋለን፤ ሐኪምም ያይዎታል። ለመምጣት ንብረትዎን አይሽጡ፤ የመጓጓዣውን እኛ እንከፍላለን።» ኦሮምኛውን ማን ይጻፍልኝ?