ኩባንያው በሦስት አገር አለ፤ የሠራተኛ ቅነሳው ሳይመጣ የሠራተኛ ማኅበራቱ እንዴት ይያያዙ?

ጠያቂ፦ ሁለተኛ ፈረቃ

ሰላም ለሁላችሁ። የፕላስቲክ ዕቃ አምራች ኩባንያ ነው። ጀርመን 620፣ ፖላንድ 340፣ ኔዘርላንድስ ደግሞ ዋናው መሥሪያ ቤት ያለበት 160 ሠራተኛ አለው። አማካሪ ድርጅት ገብቶ የሦስቱን ፋብሪካዎች ወጪ እያነጻጸረ ነው። አመራሩ ለጀርመኖቹ «ፖላንድ ርካሽ ናት» ይላል፣ ለፖላንዶቹ «ጀርመን ምርታማ ናት»። የአውሮፓ የሠራተኞች ምክር ቤት፣ ማለትም በተለያዩ አገሮች ያሉ የአንድ ኩባንያ ሠራተኞች ተወካዮች ከዋናው አመራር ጋር የሚመካከሩበት አካል፣ የለንም። ለማቋቋም ቁጥራችን ይበቃል? እስኪቋቋምስ በምን እንያያዝ?

መልስ፦ አንቀጽ በአንቀጽ

ይበቃል። ስለዚህ ምክር ቤት የወጣው የአውሮፓ ኅብረት መመሪያ 2009/38 በጠቅላላው 1,000 ሠራተኛ፣ ቢያንስ በሁለት አባል አገሮች ደግሞ በእያንዳንዳቸው 150 ነው የሚጠይቀው። እናንተ 1,120 ናችሁ። የሚቆጠረው ግን የዛሬው ሰው ሳይሆን ያለፉት ሁለት ዓመታት አማካይ ነው፤ በከፊል ሰዓት የሚሠሩትም ይገባሉ። ቅነሳ ከተጀመረ አማካዩ እየወረደ ስለሚሄድ አትዘግዩ። አመራሩ የሠራተኛ ቁጥር አልሰጥም ካለ፣ የአውሮፓ ፍርድ ቤት በቦፍሮስት (2001) እና በኩህነ ኡንድ ናገል (2004) ጉዳዮች የመስጠት ግዴታ እንዳለበት ወስኗል።

ምክር ቤቱ ይቋቋም የሚለው ጥያቄ በጽሑፍ ለዋናው አመራር ይቀርባል። 100 ሠራተኞች ወይም ተወካዮቻቸው ይፈርሙበታል፤ ፈራሚዎቹ ቢያንስ ከሁለት አገር መሆን አለባቸው። ከአንድ ፋብሪካ ብቻ 400 ፊርማ ሰብስቦ መላክ ዋጋ የለውም። የጀርመኑ የፋብሪካ ምክር ቤትና የፖላንዱ ማኅበር በአንድ ደብዳቤ ቢፈርሙ ይበቃል።

ስለ ምክር ቤቱ ከአመራሩ ጋር የሚደራደረው የሠራተኞች ቡድን «ልዩ ተደራዳሪ ቡድን» ይባላል፤ ወንበሩ ለእያንዳንዱ 10 በመቶ ሠራተኛ ወይም ለክፍልፋዩ አንድ ነው። ጀርመን 55 በመቶ ስለሆነች 6፣ ፖላንድ 30.4 ስለሆነች 4፣ ኔዘርላንድስ 14.3 ስለሆነች 2 ታገኛለች። የፖላንዱን አራተኛ ወንበር «ሠላሳ ነው» ብለው እንዳይወስዱባችሁ፤ ያቺ 0.4 ናት ያመጣችው።

አመራሩ በስድስት ወር ውስጥ ድርድር ካልጀመረ ወይም ሦስት ዓመት ያለ ስምምነት ካለፈ፣ በመመሪያው አባሪ የተጻፈው ዓይነት ምክር ቤት በሕግ ይቋቋማል። መመሪያው በ2025 ተሻሽሏል፤ ስለዚህ ደብዳቤውን ከመላካችሁ በፊት የኔዘርላንድስን ሕግ የቅርብ ቅጂ አይታችሁ ቀኖቹን አስተካክሉ።

መልስ፦ ሰዓቱን ተመልከት

ከላይ የተባለው ልክ ነው፤ ግን የምክር ቤቱ ነገር ዓመታት ይፈጃል፣ አማካሪው በወራት ጨርሶ ይወጣል። ዛሬ እጃችሁ ላይ ያለው የየአገሩ የቅነሳ ሕግ ነው፣ ችግሩም ሦስቱ ሰዓቶች እኩል አለመሄዳቸው ነው።

ፖላንድ ውስጥ በጅምላ ቅነሳ ከማኅበሩ ጋር የሚደረገው ድርድር ከማስታወቂያው ጀምሮ በ20 ቀን ያበቃል። ጀርመን ውስጥ የፋብሪካው ምክር ቤት ስለ ለውጡም ስለ ማካካሻውም ስለሚደራደር ወራት ሊወስድ ይችላል። ኔዘርላንድስ ውስጥ የሠራተኛ ምክር ቤቱ ከውሳኔ በፊት ምክረ ሐሳብ የመስጠት መብት አለው። አመራሩ ከምክሩ ከወጣ ውሳኔውን አንድ ወር ማቆየት አለበት፤ በዚያ ወር ውስጥ አምስተርዳም ላለው የድርጅቶች ችሎት ይግባኝ ማለት ይቻላል። ዋናው መሥሪያ ቤት እዚያ ስለሆነ ጠንካራው ካርዳችሁ የ160ዎቹ ምክር ቤት ነው። በቁጥር ትንሹ ስለሆነ የሚያስታውሰው የለም።

የሚበላሸው እንዲህ ነው፦ ቅነሳው መጀመሪያ ፖላንድ ላይ ይታወጃል፣ 20 ቀኑ ያልቃል፣ ጀርመኖቹ ገና ሰነድ እየጠየቁ ነው። መፍትሔው የአንድ ገጽ ስምምነት ነው፦ ማንም ማስታወቂያ ሲደርሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ለሌሎቹ ይልካል፤ ሦስቱ ሳይነጋገሩ ማንም አይፈርምም።

የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ «ውሳኔው የእናት ኩባንያው ነው፣ እኔ መረጃ የለኝም» ካለ አትቀበሉት። የአውሮፓ ኅብረት የጅምላ ቅነሳ መመሪያ 98/59 አንቀጽ 2(4) ይህን ሰበብ በግልጽ ዘግቶበታል።

መልስ፦ የቁጥር ሰው

ሠንጠረዥ አዘጋጁ፤ በየሦስት ወሩ፣ በሦስቱም ፋብሪካ፣ በአንድ ዓይነት ቅጽ። መግባት ያለበት፦ የተፈቀደ ኢንቨስትመንት፣ የትዕዛዝ መጠን በሳምንት፣ የትርፍ ሰዓት፣ የኤጀንሲ ሠራተኛ ብዛት፣ የጥገና ወጪ፣ የመጋዘን ክምችት፣ አዲስ ምርት ለማን እንደተሰጠ፣ ከየትኛው ማሽን ላይ ሞልድ (ፕላስቲኩ የሚቀረጽበት ቅርጽ ማውጫ) ተነሥቶ ወዴት እንደሄደ።

በፕላስቲክ ሥራ የመጨረሻው ነው የሚናገረው። ማሽን ከባድ ነው፣ ሞልድ ግን በአንድ ሌሊት በጭነት መኪና ይሄዳል። የሞልዱን ቁጥር፣ የወጣበትን ቀንና «ለጥገና» ተብሎ ከሆነ የመመለሻ ቀኑን መዝግቡ። ክምችት ያለ ትዕዛዝ ሲያድግ፣ ጥገና ደግሞ ሲቀንስ፣ አንዱ መስመር ሊዛወር እየተዘጋጀ ነው ብላችሁ ጠይቁ።

አንድ ጥንቃቄ፦ «የሰዓት ዋጋ» የሚለውን ረድፍ ከመሙላታችሁ በፊት ትርጉሙን ተስማሙ። አንዱ የዓመት ፈቃድንና የፈረቃ አበልን ጨምሮ፣ ሌላው መሠረታዊ ደመወዝን ብቻ ከጻፈ ሠንጠረዡ የአማካሪውን ሥራ ነው የሚሠራለት።

መልስ፦ ከቪልቮርድ ወዲህ

ታሪኩን ለማያውቁ። የመኪና አምራቹ ሬኖ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 27 ቀን 1997 ቤልጂየም ያለውን የቪልቮርድ ፋብሪካ እንደሚዘጋ አስታወቀ፤ ወደ 3,100 ሠራተኛ ነበረው። የፈረንሳይ ፍርድ ቤቶች የአውሮፓውን ምክር ቤት ቀድሞ ባለማማከሩ ጥፋተኛ አሉት። ፋብሪካው ግን ተዘጋ። ስለዚህ ምክክር ቀን ይገዛል እንጂ በራሱ ፋብሪካ አያድንም።

ከዚያ የተሻለው ጄኔራል ሞተርስ አውሮፓ ነው። 2004 ላይ እስከ 12,000 የሥራ ቦታ እቀንሳለሁ ሲል፣ ቀጥሎም አዲሱን የአስትራ መኪና ሥራ ለአንዳቸው ለመስጠት ፋብሪካዎቹን ሲያወዳድር፣ የአንትወርፕ፣ የቦኹም፣ የኤልስሚር ፖርት፣ የግሊቪትሴና የትሮልሄታን ማኅበራት ለየብቻ ላለመጫረት ቃል ተገባቡ። አንትወርፕ በ2010፣ ቦኹም በ2014 ተዘግተዋል፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። ቢሆንም ለዓመታት ጉዳቱን በአንድ አገር ላይ ከመጣል ይልቅ አከፋፍለውታል። ለእኔ የዚህ ሁሉ ፍሬ ነገር ያ ቃል ነው፤ ምክር ቤቱ ቃሉን የሚያስቀምጡበት ዕቃ ነው።

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ

እናት ኩባንያው አውሮፓ ሆኖ ፋብሪካው ኢትዮጵያ ያለ ማኅበርስ?

መልስ፦ አንቀጽ በአንቀጽ

መመሪያው አይሸፍናችሁም። ነገር ግን የአውሮፓው ምክር ቤት ስምምነት ከአባል አገሮች ውጭ ያሉ ታዛቢዎችን ሊያስገባ ይችላል። መንገዱ በፌዴሬሽናችሁና በኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን (ኢሠማኮ) በኩል ከዓለም አቀፉ የዘርፍ ማኅበር ጋር መነጋገር ነው፤ ለማኑፋክቸሪንግ ኢንዱስትሪኦል፣ ለምግብና መጠጥ አይ.ዩ.ኤፍ። አገር ውስጥ አዋጅ 1156/2011 አንቀጽ 29 አለላችሁ፦ ቅነሳ የሚባለው ከሠራተኛው ቢያንስ 10 በመቶውን ሲነካ ነው (ከ20 እስከ 50 ሠራተኛ ባለበት ደግሞ ቢያንስ 5 ሰው)፤ አሠሪውም ከማኅበሩ ጋር መመካከር አለበት። ሽያጭ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። የውጭው መጠጥ አምራች ዲያጆ ሜታ አቦ ቢራን እ.ኤ.አ. በ2012 ገዝቶ በ2022 ለሌላው ቢራ አምራች ለቢ.ጂ.አይ እንደሸጠው ዓይነት ዝውውር ብቻውን የሥራ ውልን አያቋርጥም፤ ኅብረት ስምምነቱ በእጃችሁ ይሁን።

ጠያቂ፦ ሁለተኛ ፈረቃ

አመራሩ ሰነዱ ላይ «ምሥጢር» ብሎ ከጻፈ ለፖላንዶቹ መላክ ይቻላል?

መልስ፦ ሰዓቱን ተመልከት

ሳታጣሩ አትላኩ፤ ተወካዩን ራሱን ያስጠይቃል። በጽሑፍ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ምሥጢር የሆነው የትኛው ገጽ ነው፣ እስከ መቼ? ለሙሉ ሰነድ ማኅተም የሚመቱት ብዙ ጊዜ ለአንድ ሠንጠረዥ ብለው ነው። የቀረውን ያኔ ትልካላችሁ።