«ይበሰብሳል» የተባለው ፌስታል በደብረ ብርሃን ብርድ ይበሰብሳል ወይ?

ጥያቄ፣ ከደብረ ብርሃን

ጤና ይስጥልኝ። በሶ፣ ቆሎና ሽሮ የምሸጥ የሱቅ ባለቤት ነኝ። ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል ፌስታልን የሚከለክለው አዋጅ በ2017 ዓ.ም. ከጸደቀ በኋላ አንድ አከፋፋይ «ከበቆሎ የተሠራ ነው፤ አፈር ውስጥ ሲገባ ይበሰብሳል» ብሎ ከለመድነው በጣም የሚወደድ ከረጢት አመጣልኝ፤ ለመሬቱ ይበጃል ብዬ ዋጋው ሳያሳሳኝ ገዛሁ። ቃሉን ለማረጋገጥም ባለፈው ጥቅምት ሁለቱን ከእበት፣ ከአመድና ከገብስ ጭድ ጋር በጓሮዬ የኮምፖስት ጉድጓድ ቀበርኳቸው። በመጋቢት ስከፍተው ጭዱ ጠቁሮ አፈር መስሏል፤ ከረጢቶቹ ግን ማንጠልጠያቸው አካባቢ ከመሳሳታቸው በቀር እንዳሉ ናቸው። ተታልዬ ነው ወይስ አቀባበሬ ተሳስቷል?

መልስ፣ በኬሚስትሪ መምህርነት ከሚሠራ

እህቴ፣ አቀባበርዎ ደኅና ነው፤ የጎደለው ሙቀት ነው። እንዲህ ያሉ ከረጢቶች የሚመዘኑበት የአውሮፓ መስፈርት፣ ኢኤን 13432 የሚባለው፣ ዕቃው በ6 ወር ውስጥ 90 በመቶው ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንዲለወጥ ይጠይቃል፤ ይህ የተሰላው ግን ሙቀቱ 58 ዲግሪ አካባቢ ተጠብቆ ለሚቆይበት የኢንዱስትሪ ማብላያ ነው። ከበቆሎ ስኳር የሚገኘው ፒኤልኤ የተባለው ፕላስቲክ ከዚያ በታች ባለ ሙቀት የሚፈርሰው እጅግ በዝግታ ነው። ከ2,700 ሜትር በላይ በምትገኘውና ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ አመዳይ በሚያጠቃት ከተማችን፣ ትንሽ ጉድጓድ ያን ያህል ሙቀት ይዞ አይከርምም። በእንግሊዝ የፕሊመዝ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ ኮምፖስት ይሆናል የተባለ ከረጢት አፈር ውስጥ 27 ወር ቆይቶ እንኳ ቅርጹን አልለቀቀም፤ ዕቃ ሲጨመርበት ግን ተቀደደ።

«ከበቆሎ» የሚለውም ቢሆን ሙሉ እውነት ላይሆን ይችላል። ፒኤልኤ ብቻውን ደረቅና ተሰባሪ ስለሆነ፣ ለስላሳ ከረጢት ሲሠራ ብዙ ጊዜ ፒቢኤቲ ከሚባል፣ ከነዳጅ ከሚገኝ ሌላ ፕላስቲክ ጋር ይደባለቃል፤ እርሱም ሲመቸው ይበሰብሳል። ከሁሉ የሚከፋው «ኦክሶ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ነው፤ የብረት ጨው የተጨመረበት ተራ ፕላስቲክ ሆኖ ተበጣጥሶ አፈር ውስጥ ስለሚቀር የአውሮፓ ኅብረት በ2021 እ.ኤ.አ. ከገበያ አስወጥቶታል። ከመግዛትዎ በፊት የመስፈርቱን ቁጥር ይፈልጉ፤ በቤት ጓሮ እንደሚበሰብስ ለብቻው ካልተጻፈበት ለጓሮ አልተሠራም።

መልስ፣ ከመሐል ሜዳ

እህት ዓለም፣ እኛ የመንዝ ሰዎች ኑሯችን በጎች ናቸው። ለትንሣኤ ካረድነው በግ ጨጓራ ውስጥ እንደ ገመድ የተገመደ፣ ሣር የተጠመጠመበት ፌስታል አውጥቻለሁ፤ እንስሳው ለወራት የከሳበት ምክንያት የገባኝ ያን ጊዜ ነው። የበግ የሰውነት ሙቀት 39 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ፣ መምህሩ የጠቀሱት 58 ዲግሪ በሆዱ ውስጥ አይገኝም። ስለዚህ «ይበሰብሳል» የተባለውም ሜዳ ላይ ከተጣለ ለበጎቻችን ያው ነው፤ እንዲያውም ሰው «ይጠፋል» ብሎ በድፍረት እንዳይጥለው እሰጋለሁ።

መልስ፣ ከሸዋ ሮቢት

በእኛ ቆላ ኮምፖስት ቶሎ ይበስላል፤ ቢሆንም ክምሩ በየአቅጣጫው ከአንድ ሜትር ካነሰ ሙቀት አይይዝም። መሐሉ ላይ ዱላ ሰክተው ከጥቂት ቀን በኋላ ይምዘዙት፤ እጅ የሚያቃጥል ከሆነ ሥራው ተጀምሯል። ለሱቅዎ ግን የምመክረው ሌላ ነው፤ ቆሎውን በወረቀት ጠቅልለው ይስጡ፤ ሽሮና በሶ የሚገዛ ደንበኛም እናቶቻችን ዘንቢል ይዘው ገበያ ይወጡ እንደነበረው የራሱን የጨርቅ ከረጢት ይዞ ይምጣ።

ጠያቂዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የቀሩኝን ከረጢቶች መሸጫ አላደርጋቸውም። ሁለቱን ከጎረቤቶቼ እበት ጋር በአንድ ትልቅ ክምር መልሼ፣ ዱላውንም ሰክቼ፣ በሰኔ የማየውን እዚሁ እጽፍላችኋለሁ።