ጥቆማ፦ በኦፕሬሽን ለምትወልዱ የወሎ እናቶች፣ ማህፀን በአንድ ዙር ይሰፋ በሁለት?

ደሴና ኮምቦልቻ ያላችሁ እህቶች «በሁለት ዙር የሚሰፋ ሐኪም ጠቁሙን» ስትባባሉ አያለሁ። አዋላጅ ነርስ ነኝ፣ የማውቀውን ልንገራችሁ።

አንድ ዙር ማለት የተከፈተው ማህፀን በአንድ ተከታታይ ስፌት ሲዘጋ ነው። ሁለት ዙር ሲሆን በላዩ ሌላ ይደረብበታል። የተደረበው ይበልጥ ይጠነክራል ብሎ የሚያስብ ብዙ ነው። ግን ኮሮኒስ የሚባለው ጥናት፣ ጎረቤቶቻችንን ሱዳንና ኬንያን ጨምሮ በ7 አገሮች ወደ 16,000 የሚጠጉ እናቶችን ይዞ የተለያዩ የኦፕሬሽን ዘዴዎችን ሲያወዳድር፣ በአንድና በሁለት ዙር መካከል በኢንፌክሽንም፣ ደም በመውሰድም፣ ዳግም ኦፕሬሽን በመግባትም ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኘም። ከ3 ዓመት በኋላ እናቶቹን ሲያዩም ያው ነው። ስለዚህ አብሽሩ፣ በአንድ ዙር የተሰፋችሁ አትጨነቁ።

አንድ ነገር ግን አለ። ማህፀን በሚቀጥለው ምጥ መተርተሩ አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ስለሆነ፣ እንዲህ ያለ ጥናት እንኳን ቁርጡን መናገር ይከብደዋል። ሌሎች ጥናቶች ደግሞ ክሩ እየተቆለፈ (ማለትም በየስፌቱ በቀደመው ቀለበት ውስጥ እያለፈ) በአንድ ዙር ብቻ ሲሰፋ የመተርተሩ ዕድል ከሁለት ዙር ከፍ እንደሚል አሳይተዋል። ሳይቆለፍ በአንድ ዙር ሲሰፋ ይህ አልታየም። ቀጣዩን በምጥ መውለድ የምታስቡ ይህን ለሐኪማችሁ አንሱለት፣ ነውር የለውም።

ክሩስ? ቫይክሪል ይሻላል ካትገት እያላችሁ ፋርማሲ ለፋርማሲ የምትዞሩ አላችሁ። ያው ጥናት ሁለቱንም አወዳድሯል፣ የሚያስጨንቅ ልዩነት የለም። ለክር ብላችሁ ብድር አትግቡ።

አሁን ወደ ጥቆማዬ። ለእኔ ከስፌቱ ይልቅ ቦታው ይበልጣል። ከዚህ በፊት በኦፕሬሽን ወልዳችሁ ዘንድሮ በምጥ ልሞክር የምትሉ፣ ሌሊትም ኦፕሬሽን የሚሠራበት፣ ደምም የሚገኝበት ቦታ ውለዱ። ለደሴ ዙሪያ ደሴ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል፣ በራያና በላስታ በኩል ላላችሁ ደግሞ የወልድያው። ቦሩ ሜዳ ወይም ኮምቦልቻ የሚቀርባችሁ እዚያው ተከታተሉ፣ ግን ማታ የሚሠራ ተረኛ መኖሩን ቀድማችሁ ጠይቁ። የደላንታና የወረባቦ እናቶች ምጥ እስኪመጣ ቤት አትጠብቁ፣ ቀናችሁ ሲቃረብ እናቶች ማቆያ ግቡ።

ስትወጡ ደግሞ ወረቀት ሳትይዙ አትውጡ! ማህፀኑ በአግድም ነው የተከፈተው በቁመት? በስንት ዙር ተሰፋ? ወደ ጎን የተተረተረ ነገር ነበረ? ሆድ ላይ ያለው ጠባሳ አግድም ስለሆነ ማህፀኑም አግድም ነው ማለት አይደለም። የማህፀኑ የላይኛው ክፍል በቁመት ተከፍቶ ከሆነ ቀጣዩ በምጥ አይሞከርም፣ በቀጠሮ ኦፕሬሽን ነው። ያንን ወረቀት ፎቶ አንሱትና ስልካችሁ ላይም በባለቤታችሁ ስልክ ላይም አስቀምጡት፣ ለቀጣዩ ክትትል በመጀመሪያው ቀን ለአዋላጇ አሳዩ።