ጥቆማ፦ ለሠርግ ድሮን ማንን ልቅጠር? የትኛውንስ ልግዛ?

ሰሞኑን አንዲት እህት እንዲህ ብላ ጠይቃ ነበር፦ "ወንድሜ በሐምሌ ሊያገባ ነው። ሠርጉ ሜሪላንድ ነው። ቃል ኪዳኑ ሜዳ ላይ፣ እራቱ አዳራሽ ውስጥ ይሆናል። ከላይ የሚነሳ ቪዲዮ እንፈልጋለን። ድሮን ያለው ጎበዝ ባለሙያ ጠቁሙኝ። ወይስ ትንሿን ገዝተን ታናሽ ወንድሜ ያንሳልን?"

የተሰጣት መልስ አብዛኛው አንድ ዓይነት ነው። "ሚኒ የምትባለዋን ትንሽ ድሮን ግዢ። ከ250 ግራም በታች ስለሆነች ፈቃድ አትጠይቅም፤ ሰው ላይም ትበራለች።" ይህን እያነበብኩ ዝም ማለት አልቻልኩም። ምክሩ የተሳሳተ ነው፤ ስህተቱም ሰው የሚጎዳ ነው።

እኔ ዲሲ አካባቢ ሠርግ፣ መልስና ክርስትና ሳነሳ 11 ዓመቴ ነው። ድሮን ከያዝኩ ሰባት ዓመት ሆኖኛል። ላይሰንሱም አለኝ። ስለዚህ ጥቆማዬን ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልጻፈው።

እህቴ፣ ከድሮኑ በፊት ሜዳው የት እንደሆነ ንገሪኝ። እኛ አካባቢ ትልቁ ጥያቄ እሱ ነው። በሬገን ኤርፖርት ዙሪያ እስከ 15 ማይል ድረስ ያለ ልዩ የመንግሥት ፈቃድ ድሮን ማስነሳት ክልክል ነው። አርሊንግተን፣ አሌክሳንድሪያ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ፌርፋክስ ከተማ ሁሉ ክቡ ውስጥ ናቸው። የኛ ሰው ብዙ ጊዜ የሚደግሰው እዚሁ ነው። ድሮኗ ትንሽ መሆኗ እዚህ ምንም አይለውጥም። ከ15 እስከ 30 ማይል ባለው ቀለበት ውስጥ ግን ማብረር ይቻላል፤ ለምሳሌ ጌይተርስበርግ። ድሮኗ የተመዘገበች ትሁን፣ ከ400 ጫማ አትለፍ፣ ከዓይን አትራቅ። ፍሬድሪክ ደግሞ ጭራሽ ከቀለበቱ ውጪ ነው።

ድሮ ሚኒን የሚሠራው የዲጄአይ ኩባንያ ድሮኖች ክልክል ቦታ ላይ ራሳቸው አንነሳም ይሉ ነበር። እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2025 ወዲህ አሜሪካ ውስጥ ያ ቀርቷል። አሁን ማስጠንቀቂያ ብቻ ያሳያሉ። ስለዚህ ድሮኗ ስለተነሳች ብቻ ተፈቅዷል ማለት አይደለም። "ቢፎር ዩ ፍላይ" የሚባለውን የኤፍኤኤ (የአሜሪካ የበረራ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት) ካርታ የያዙ ነፃ አፖች አሉ። አንዱን ስልክሽ ላይ ጫኚና የሜዳውን አድራሻ አስገቢ። ሜዳው የመንግሥት ፓርክ ከሆነም የፓርኩን አስተዳደር መጠየቅ አለብሽ። በናሽናል ፓርኮች ከ2014 ጀምሮ ክልክል ነው።

አሁን ወደ እድምተኛው እንምጣ። ኤፍኤኤ በሰው ላይ ስለማብረር ያወጣው ደንብ ሥራ ላይ የዋለው ኤፕሪል 21 ቀን 2021 ነው። ድሮኖችን በአራት ምድብ ይከፍላል። ለሠርግ የሚጠቅመን አንደኛው ነው። እሱ ሁለት ነገር ይጠይቃል። የመጀመሪያው ክብደት ነው፤ ድሮኗ የተሸከመችውን ሁሉ ጨምራ ከ0.55 ፓውንድ መብለጥ የለባትም። ሁለተኛው፣ የሰው ቆዳ ሊቆርጥ የሚችል የተጋለጠ ተሽከርካሪ ነገር እንዳይኖራት ነው። ሰው የመጀመሪያውን ያስታውሳል፤ ሁለተኛውን ይረሳል። የሚኒ ፕሮፔለሮች ባዶአቸውን ናቸው። መከላከያ ሲገጠምላቸው ደግሞ ክብደቷ ያልፋል። ከሰው ራስ በላይ ለማብረር በሁለቱም መንገድ አትሆንም።

ሁለተኛውና ሦስተኛው ምድብ የሚለኩት ድሮኗ ሰው ላይ ብትወድቅ በምትመታው ኃይል ነው። ኤፍኤኤ የተቀበለው የአምራች ማረጋገጫ ያስፈልጋቸዋል፤ ምድቡም ድሮኗ ላይ ተለጥፎ ይታያል። አራተኛው የአውሮፕላን ዓይነት የብቃት ምስክር ወረቀት ይጠይቃል። እነሱን ለሠርግ እርሷቸው።

ሁሌ የምሰማው ሌላ ነገር አለ። "ሙሽሮቹ ፈቅደዋል፤ እንግዶቹም ያውቃሉ።" ፈቃዳቸው በደንቡ አይቆጠርም። ከላያቸው ማብረር የሚቻለው በማብረሩ ሥራ ላይ በቀጥታ የተሰማሩት ላይ ነው፤ አብራሪውና አጋዡ ማለት ነው። ሙሽራዋ እየተቀረጸች ስለሆነ በሥራው ተሳታፊ አትባልም። ጣራ ስር ወይም የቆመ መኪና ውስጥ ያለ ሰውም ይፈቀዳል፤ ግን ጣራው የወደቀ ድሮን የሚመክት መሆን አለበት። ስስ የሸራ ድንኳን አንድ ኪሎ የሚጠጋ ማቪክ የተባለውን ትልቅ ድሮን ይመክታል ብዬ አላምንም።

ይህን ሁሉ የምለው በራሴ ደርሶ ስላየሁት ነው። ድሮን በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት አንድ መልስ ላይ ነበርኩ፤ ከቀለበቱ ውጪ፣ ሰፊ ጓሮ። ጭፈራው ደምቋል። እኔ ባዶ ፕሮፔለር ያላትን ድሮን ጨፋሪዎቹ ላይ ዝቅ አድርጌያታለሁ። የአንዲት እናት ነጠላ ጥለቱ በነፋሷ ሲርገበገብ በስክሪኔ ይታየኛል። ደስ ብሎኝ ጭራሽ ቀረብኩ። ሚዜዎቹ ያን ጊዜ የሚያብለጨልጭ የወረቀት ጥብጣብ ወደ ላይ ረጩ። አንዱ ፕሮፔለሩ ላይ ተጠመጠመ። ድሮኗ ዘመመች፤ ከዚያ እንደ ድንጋይ ወረደች። ከእናታችን ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ የነበረው ጠረጴዛ ላይ አረፈች። ፕሮፔለሩ እየዞረ የጠረጴዛውን ልብስ ሲተለትለው አየሁ። ሰው አልተነካም። እሳቸው መጥተው "አይዞህ ልጄ፣ ዋናው ሰው መትረፉ ነው" አሉኝ። ያን ሌሊት አልተኛሁም። ከዚያ ወዲህ ባዶ ፕሮፔለር ከሰው ራስ በላይ አላሳለፍኩም።

ስለዚህ "የትኛውን ልግዛ" ላልሽው ከተጠቀምኩባቸው ልንገርሽ።

ሆቨርኤር ኤክስ1፦ 125 ግራም ናት። ፕሮፔለሮቿ በሙሉ ሳጥን ውስጥ ናቸው። ከእጅ ትነሳለች፣ እጅ ላይ ታርፋለች። ለጀማሪ ታናሽ ወንድም እሷን እመርጣለሁ። ባትሪዋ 11 ደቂቃ ገደማ ነው። ምስሏም ለትልቅ ስክሪን ያንሳል።

ዲጄአይ ኒዮ፦ 135 ግራም ናት፣ መከላከያው አብሯት ነው የተሠራው። ነፋስ ላይ ትቸገራለች። ድምጿም ይጮኻል፤ ቃል ኪዳን ሲፈጸም አጠገብ አላስነሳትም። ለጭፈራና ለመኪና አጀብ ግን ጥሩ ናት።

ዲጄአይ ፍሊፕ፦ ለሠርግ ዛሬ አንድ ብቻ ግዢ ብባል የምለው ይቺን ነው። የሚታጠፍ ሙሉ መከላከያ አላት፤ ምስሏ የባለሙያ ነው፤ ባትሪዋ እስከ 31 ደቂቃ ይባላል፣ እኔ 25 ላይ አወርዳታለሁ። ክብደቷ 249 ግራም ነው። እዚህ ጋ ልብ በሉ። 0.55 ፓውንድ 249.5 ግራም አይሞላም። ቤት ያለችኝ የኩሽና ሚዛን ላይ ሳስቀምጣት ልክ 249 አለችኝ። ላይዋ ላይ ትንሽ ነገር ብትጨምሩባት ከምድቡ ወጣች። የሠርግ ስም የተጻፈበት ስቲከር ለጥፉልኝ ያለኝ ሰው ነበር፤ ይቅርታ ጠይቄ እምቢ አልኩ።

ሚኒ 4 ፕሮ፦ ምስሏ ግሩም ነው። አለችኝ፤ እወዳታለሁም። ግን ለባዶ ሜዳ፣ ለአዳራሹ ገጽታ፣ ሙሽሮቹ ከሰው ተለይተው ሲቆሙ ከጎን ለማንሳት ነው።

አቫታ 2፦ ፕሮፔለሯ በከለላ ውስጥ ስለሆነ ብዙዎች "ይቺማ ምንም አታደርግም" ይላሉ። ክብደቷ 377 ግራም ነው። አንደኛው ምድብ ውስጥ አትገባም።

ትልልቆቹን ማቪኮች በፓራሹት ስለማብረር የጠየቃችሁ አላችሁ። ፓራዜሮ የሚባል የእስራኤል ኩባንያ ሴፍኤር የተባለ ፓራሹት ይሠራል፤ ለግንባታ ቦታ ሥራ ጥቅም ላይ ውሏል። ለሠርግ ወጪውም ወረቀቱም አይመጣጠንም።

አንድ ነገር ልጨምር። ክብደቱና መከላከያው ቢሟላም፣ ውጪ በተሰበሰበ ሕዝብ ራስ ላይ ለመቆየት ድሮኗ ሪሞት አይዲ ማሰራጨት አለባት። እሱ ድሮኗ ማን እንደሆነችና የት እንዳለች የሚናገር ምልክት ነው። ከ250 ግራም በታች የሆኑት ብዙ ጊዜ ይህ የላቸውም ወይም ተዘግቶ ነው የሚመጣው። ከመግዛትሽ በፊት የምትገዢው ሞዴል እንዳለው አረጋግጪ። ከሌለው በሕዝቡ ላይ ቆመሽ አታንሺ፤ ከጎን አንሺ።

አሁን "ማንን ልቅጠር" ወደሚለው።

የወንድም ነገር ያሳስበኛል። ኤፍኤኤ ፓርት 107 የሚለው ላይሰንስ ለሚከፈለው ሰው ብቻ አይደለም። ያለ ላይሰንስ የሚፈቀደው ለራስ መዝናኛ ማብረር ነው። በነፃ ቢሆንም ለሌላ ሰው ጥቅም ስታበሪ ከመዝናኛ ትወጪያለሽ። ለዚህ ነው ሠርግ ላይ "ለወዳጅ ነው፣ ገንዘብ አልተቀበልኩም" የሚለውን የማልመክረው። ደግሞም በፓርት 107 ሲበር 135 ግራምም ብትሆን ድሮኗ ትመዘገባለች፤ ለሦስት ዓመት አምስት ዶላር ነው።

የቪዲዮ ስቱዲዮዎች ብዙዎቹ ድሮንን በጥቅል ዋጋ ውስጥ ይጨምሩታል። ይሄ ሁለት ዓይነት ነው። አንዳንዱ ላይሰንስ ያለው ልጅ ይዞ ይመጣል። አንዳንዱ ደግሞ ካሜራውን አስቀምጦ ራሱ ያስነሳል፤ ድሮን እያበረረ ቀለበት ሲደረግ ያመለጠው አይቻለሁ። እኔ የምመክረው ስቱዲዮውን ለካሜራ፣ ላይሰንስ ያለውን አብራሪ ለድሮን ብቻ ለሁለት ሰዓት ለይቶ መቅጠር ነው። ዋጋው ይጨምራል። ግን ሰውየው ዓይኑን ከድሮኑ አያነሳም።

እንዴት ትመርጪዋለሽ? ደውይለትና ዝም ብለሽ ስሚው። ጎበዙ ቶሎ ዋጋ አይነግርሽም። አድራሻውን ይጠይቅሻል። ሰዓቱን ይጠይቅሻል። "እንግዶቹ የት ይቆማሉ? ጥብጣብ፣ ፊኛ፣ ርችት አለ?" ይልሻል። ያኔ ሰውሽን አገኘሽ። ቀጥለሽ የፓርት 107 ካርዱንና የድሮኑን ምዝገባ እንዲያሳይሽ ጠይቂ። አይከፋውም። ኢንሹራንስም ጠይቂ፤ አዳራሾች ብዙ ጊዜ የ1 ሚሊዮን ዶላር ወረቀት ይፈልጋሉ። በሰዓትና በቀን የሚሸጥም አለ። "ሲልቨር ስፕሪንግ? ችግር የለም፣ ሁሌ እናነሳለን" ካለሽ ግን አመስግነሽ ዝጊው። ኮንግረስ በ2024 ባወጣው ሕግ ቅጣቱ ለአንድ ጥፋት እስከ 75,000 ዶላር ደርሷል።

ወጣት ወንድምሽ ፍላጎቱ ካለው ላይሰንሱን ይውሰድ። እስከ ሐምሌ ጊዜ አለው። 16 ዓመት መሙላትና እንግሊዝኛ ማወቅ ይበቃል። ዜግነት አይጠየቅም። ፈተናው 60 ጥያቄ ነው፤ ማለፊያው 70 ከመቶ፣ ክፍያው 175 ዶላር። የማጥኛው መጽሐፍ ኤፍኤኤ ጋ በነፃ አለ። እኔ ማታ ማታ ከሥራ መልስ አጥንቼ በስድስት ሳምንት አልፌያለሁ። በየ24 ወሩ የሚታደሰውም በነፃ ኦንላይን ነው።

ከላይ ለጠየቃችሁኝም ልመልስ።

ማታ ጭፈራውን ማንሳት ይቻላል ወይ ላለው ወንድሜ፦ ይቻላል። ግን ከሦስት ማይል የሚታይ ብልጭ ድርግም የሚል መብራት ያስፈልጋል። ያ መብራት 10 ግራም ገደማ ይመዝናል። ፍሊፕ ላይ ስትለጥፈው 0.55 ፓውንዱን ታልፋለች፤ ከዚያ በኋላ በሰው ራስ ላይ አትሆንም። ኒዮ ላይ ግን ቦታ አለ። እኔ ማታ ከሰው ራቅ ብዬ የድንኳኑን መብራት ነው የማነሳው።

ፍራንክፈርት ላለችው እህታችን፦ የናንተ ሕግ ሌላ ነው፣ የአሜሪካውን አትከተይ። በአውሮፓ ኅብረት ካሜራ ያላት ድሮን ከ250 ግራም በታች ብትሆንም አብራሪው ይመዘገባል። ጀርመን ውስጥ ኢንሹራንስ ግዴታ ነው። ከፍታው 120 ሜትር ነው። በተሰበሰበ ሕዝብ ላይ ደግሞ በተራው ምድብ በፍጹም አይፈቀድም፤ መከላከያ ቢኖራትም።

"ለጥምቀት አዲስ አበባ ይዤ ልሂድ?" ላልከኝ፦ እባክህ ዝም ብለህ ሻንጣ ውስጥ አትክተት። ኢትዮጵያ ውስጥ ድሮን ለማስገባት ከኢመደአ፣ ማለትም ከኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር፣ ቀድሞ ፈቃድ ያስፈልጋል። ያለ ፈቃድ ከያዝክ ቦሌ ላይ ጉምሩክ ይይዘዋል። እዚያው ፈቃድ ያላቸው ባለሙያዎች አሉ። ወረቀታቸውን አይተህ እነሱን ቅጠር።

ወደ አንቺ ልመለስ፣ እህቴ። እንግዶቹ ከመምጣታቸው 20 ደቂቃ በፊት ሜዳውን፣ ወንበሮቹንና የአበባውን በር ከላይ አስነሺ። ባዶ ሜዳ ስለሆነ ሚኒም ትሆናለች። ሙሽሮቹ ከቃል ኪዳኑ በኋላ ለፎቶ ብቻቸውን ሲወጡ ከጎን፣ ከዛፉ ከፍታ ዝቅ ብሎ ይነሱ። እኔ በሰባት ዓመት ካነሳሁት ውስጥ ቤተሰብ ደጋግሞ የሚያየው እነዚህን ሁለቱን ነው። የእንግዳውን ሆታ ካሜራማኑ ከሰገነት ወይም ረጅም ዘንግ ላይ በተሰቀለ ካሜራ ያንሳው፤ ፊቱም የሚታየው ያኔ ነው።

የሜዳውን አድራሻ በውስጥ መስመር ላኪልኝ። ዛሬ ማታ ካርታው ላይ አይቼ እነግርሻለሁ።