ፓራሌሎግራም ላይ ሁለት ጎን አባዝተው ቁጭ ለሚሉ ልጆች ምን ላድርግ?

መምህርት ከጣርማበር፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ደብረ ሲና አካባቢ 7ኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። አሁን የአራት ጎን ምስሎች ስፋት ላይ ነን። ካሬና ሬክታንግል ላይ ችግር የለም። ርዝመት በወርድ ብለው ያባዛሉ፣ መልሱም ይመጣል። ነገር የሚበላሸው ፓራሌሎግራም፣ ፊት ለፊት ያሉ ጎኖቹ ትይዩ የሆኑት ዘመም ያለ ምስል ላይ ስንደርስ ነው።

ትናንት ሰሌዳ ላይ አንድ ሣልኩላቸው። የታችኛው ጎን 8፣ ዘመም ያለው ጎን 5፣ ከፍታው 4 ሳንቲሜትር። ከፍታውን በቀይ ጠመኔ በነጠብጣብ አሳየሁ። ክፍሉ ከሞላ ጎደል 40 አለኝ። 32 ያሉት ጥቂቶች ናቸው። እነሱንም «ለምን በ4 አባዛችሁ?» ስላቸው «ቀመሩ ነዋ» ከማለት አላለፉም። እኔን የከነከነኝ ይሄኛው ነው። 40 ያለው ልጅ ምን እንዳሰበ ይገባኛል። 32 ያለው ግን ምንም ሳያስብ ነው የደረሰበት።

ቀጥሎ ትራፒዚየም አለ፤ ሁለት ጎኖቹ ብቻ ትይዩ የሆኑት። ከክፍላችን መስኮት ማዶ ያለው ተዳፋት እኮ በሙሉ እርከን ነው። ልጆቹ ትራፒዚየም ላይ ሲያርሱና ሲያርሙ ነው የሚውሉት። እሱን ከትምህርቱ ጋር ማገናኘት እፈልጋለሁ፤ ከየት እንደምጀምር ግን ጠፋኝ። ፕሮጀክተር የለንም፣ መቀስም ተለምኖ ነው። የሠራላችሁን ዘዴ ንገሩኝ።

ጋሽ መምህር፣ ደብረ ብርሃን፦

እህቴ፣ በዕድሜ ሳልበልጥሽ ስለማልቀር አንቺ ልበልሽ። ቀመሩን ለጊዜው ከሰሌዳው አጥፊው።

አራት ቀጫጭን የባሕር ዛፍ ልምጭ ይዘሽ ግቢ። ሁለቱ 80 ሳንቲሜትር፣ ሁለቱ 50። ማዕዘኖቹን በሲባጎ እሰሪ፣ ግን አታጥብቂው፤ መታጠፍ አለበት። መጀመሪያ ሬክታንግል አድርገሽ ያዢው። ስፋቱን ይንገሩሽ፦ 4,000 ካሬ ሳንቲሜትር። ከዚያ ላይኛውን ልምጭ ቀስ እያልሽ ወደ ጎን ግፊው። በየመሃሉ ቁሚና «ዙሪያው ተቀየረ?» በያቸው። አልተቀየረም፣ ልምጮቹ ያው ናቸው። «ውስጡስ?» እዚህ ላይ ክፍሉ ይከፈላል፤ ተያቸው ይከራከሩ። አንቺ መግፋትሽን ቀጥይ፣ ልምጮቹ ተደራርበው ሊተኙ እስኪደርሱ። 80 በ50 አሁንም 4,000 ነው። ውስጡ ግን ባዶ ሊሆን ምንም አልቀረው። ሁለት ጎን ማባዛት ለምን እንደማያዋጣ ራሳቸው ይነግሩሻል። ሲገፋ የሚያንሰው ምን እንደሆነም ያያሉ፦ በሁለቱ ትይዩ ጎኖች መካከል ያለው ርቀት። ከፍታ የሚለውን ቃል ያኔ ስጫቸው እንጂ ቀድመሽ አትስጪ።

መቁረጡ ከዚህ በኋላ ይምጣ። ካሬ ካሬ ከተሰመረበት ደብተር አንድ ገጽ ይበቃል። ፓራሌሎግራሙን ይሣሉ፣ ከአንዱ ጫፍ ጎነ ሦስቱን በከፍታው መስመር ይቁረጡ፣ ወደ ሌላው ጫፍ ወስደው ይግጠሙት። ሬክታንግል ይሆናል። የተጣለ የለም፣ የተጨመረ የለም። መቀስ ከሌለ አጥፎ በማስመሪያ መቅደድ ነው።

አንድ ነገር ግን አደራ። ምስሉን ሁልጊዜ በታችኛው ጎን አስተኝተሽ አትሣዪ። ልጆች ከፍታ ማለት ወደ ሰማይ የቆመ መስመር ይመስላቸዋል። አዙሪው፣ አዝምሚው፣ ዘመም ያለውን ጎን መሠረት አድርጊና ከፍታውን ፈልጉ በያቸው። ያንቺው ምሳሌ ላይ 5ቱን መሠረት ቢያደርጉ ከፍታው 6.4 ይሆናል፤ ስፋቱ ያው 32 ነው። ሰነፍ የተባለ ልጅ እዚህ ላይ ሲነቃ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ለእርከኑ ደግሞ ቀመር ሳትነግሪ አስገምቺ። ላይኛው ጠርዝ 18 ሜትር፣ ታችኛው 24፣ በመካከላቸው 7 ነው በይ። 18 በ7 ብንል 126፣ ያንሳል። 24 በ7 ብንል 168፣ ይበዛል። መልሱ በመካከል መሆን አለበት። ከዚያ ተመሳሳይ ሁለት ትራፒዚየም ቆርጠው አንዱን ገልብጠው ከሌላው ጋር ይግጠሙ። መሠረቱ 42 የሆነ ፓራሌሎግራም ወጣ። 42 በ7፣ 294፤ ግማሹ 147። «ግማሽ» የሚለው ከየት እንደመጣ ከእንግዲህ አይጠፋቸውም።

የ8ኛ ክፍል አስተማሪ፦

ጋሼ፣ ነገሩ ያምራል፤ ግን ሚኒስትሪ አለ። ምዕራፉ አልቆ፣ ተከልሶ፣ ጥያቄ ተሠርቶ እንዴት ይደረሳል? ልጆቹ ቀመሩን በቃላቸው ይዘው ቢገቡ ይሻላቸዋል ባይ ነኝ።

ጋሽ መምህር፣ ደብረ ብርሃን፦

ወንድሜ፣ ጭንቀትህ ይገባኛል፤ እኔም ለፈተና ነው የማዘጋጃቸው። ግን ፈተናው ላይ ሦስቱም ቁጥሮች ተጽፈው ይመጣሉ፤ 8ም፣ 5ም፣ 4ም። 40 ደግሞ ከምርጫዎቹ አንዱ ሆኖ ይጠብቃል። በቃሉ የያዘ ልጅ የትኛውን ከየትኛው እንደሚያባዛ ያኔ ይምታታበታል። የልምጩ ሥራ አንድ ክፍለ ጊዜ ነው የሚወስደው። እሱን ለመቆጠብ ስንል በክለሳ ሰዓት ብዙ እጥፍ እንከፍላለን።

የመሬት ባለሙያ፣ መንዝ፦

ከሥራዬ አንድ ነገር ልጨምር። ልምጮቹ ላይ አምስተኛ ጨምሩበት፣ ከአንዱ ማዕዘን ፊት ለፊቱ ወዳለው ማዕዘን፣ በዲያጎናል። ግፉት፣ አይነቃነቅም። እኛም መሬት ስንለካ በሜትር ብቻ ከሆነ ዲያጎናሉን የግድ እንይዛለን፤ አራቱ ጎኖች ብቻቸውን የመሬቱን ቅርጽ አይወስኑምና።

በየቦታው የሚሠራበት ዘዴ አለ። ፊት ለፊት ያሉትን ጎኖች ደምሮ ለሁለት ማካፈል፣ ከዚያ ሁለቱን አማካዮች ማባዛት። ጥንታዊ ነው፤ በግብፅ የኤድፉ ቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ የተቀረጸው የእርሻ መሬት ዝርዝርም እንዲሁ ነው የተሰላው። ለሬክታንግል ልክ ነው፤ ለሌላው ሁሉ ያበዛል። አራቱም ጎኑ 20 ሜትር የሆነ ዘመም ያለ ማሳ በዚህ ስሌት 400 ካሬ ሜትር ይባላል። በትይዩዎቹ መካከል ያለው ርቀት 16 ከሆነ ግን እውነቱ 320 ነው። 80 ካሬ ሜትር ለወንድማማቾች ክፍፍል ቀላል አይደለም።

ትይዩ ጎን ጭራሽ ለሌለው ማሳ፣ ዲያጎናሉን ለኩ፣ ከቀሩት ሁለት ማዕዘኖች ወደ ዲያጎናሉ ቀጥ ብሎ የሚወርደውን ርቀት ለኩ። ዲያጎናሉ 50፣ ርቀቶቹ 24 እና 18 ቢሆኑ፣ 42 በ50፣ ግማሹ 1,050 ካሬ ሜትር። ያው ሁለት ጎነ ሦስት ነው።

መምህርት ከጣርማበር፦

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ልምጩን ነገ ይዤ እገባለሁ፤ አምስተኛውንም። አንድ ጥያቄ ብቻ። የእኛ እርከን ተዳፋት ላይ ነው። ልጆቹን ይዤ ብወጣ በላይኛውና በታችኛው ጠርዝ መካከል ያለውን 7 ሜትር መሬቱን ተከትለን ነው የምንለካው?

የመሬት ባለሙያ፣ መንዝ፦

አይደለም፣ ጥሩ ጠየቁ። ሜትሩን ዳገቱ ላይ አታስተኙት። ካርታ ላይ የሚሰፍረው ስፋት የአግድሙ ነው። መሬቱን ተከትላችሁ 5 ሜትር ብትለኩና በዚያ ርቀት 3 ሜትር ሽቅብ ብትወጡ፣ የአግድሙ 4 ሜትር ብቻ ነው። አንድ ልጅ ላይ ሆኖ የሜትሩን ጫፍ መሬት ላይ ይያዝ፣ ሌላው ታች ቆሞ ሜትሩን ከፍ አድርጎ ይወጥር። ግማሽ ውሃ ያለበት የሃይላንድ ጠርሙስ አጋድማችሁ አጠገቡ ብትይዙ ውሃ ልክ ይሆናችኋል። ከሜትሩ ታች ደግሞ ሲባጎ ላይ ድንጋይ አስራችሁ እንደ ቱንቢ ጣሉና ያረፈበትን ምልክት አድርጉ። ዳገቱ ከበዛ በአንዴ አትጨርሱት፤ ሁለት ሁለት ሜትር እየቆረጣችሁ ውረዱ።