ሴኤፍኤ ፍራንክ ከነጻነት በኋላ ለምን ቀጠለ?

ጥያቄ፦ ሴኔጋልና ኮትዲቯር እ.ኤ.አ. በ1960 ነጻ ወጥተዋል። ታዲያ እስከ ዛሬ በሴኤፍኤ ፍራንክ፣ በአብዛኛው የቀድሞ የፈረንሳይ ቅኝ ግዛቶች በሚጠቀሙበት ገንዘብ፣ የሚገበያዩት ለምንድን ነው? አሠራሩን የምታውቁ ብታብራሩልኝ።

መልስ፦ ገንዘቡ የተፈጠረው በ1945 ነው። ዛሬ 1 ዩሮ በ655.957 ሴኤፍኤ ይመነዘራል፤ ምጣኔው አይንቀሳቀስም። ለዚህ ዋስትና የምትሰጠው ፈረንሳይ ናት። በምላሹ ዳካር ያለው የምዕራብ አፍሪካ አገሮች ማዕከላዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ክምችቱን ግማሽ በፈረንሳይ ግምጃ ቤት ማስቀመጥ ነበረበት። በ2019 መጨረሻ የታወጀው ማሻሻያ ይህን ግዴታ አስቀርቷል፤ ቋሚው ምጣኔ ግን አልተነካም። ዋናው ጉዳይ ደግሞ እሱ ነው።

መልስ፦ ልክ ነው። የዋጋ ንረትን መግታቱ አይካድም፤ ጉዳቱ የሚታየው በላኪው ላይ ነው። ጥጥ በዓለም ገበያ የሚሸጠው በዶላር ነው። ዩሮ ሲጠነክር ያው የጥጥ ሽያጭ የሚያስገኘው ሴኤፍኤ ያንሳል፤ ባንኩ ደግሞ ምንዛሪውን ዝቅ አድርጎ ሊያግዝ አይችልም። ችግሩ ሲከማች በጥር 1994፣ ገንዘቡ ገና ከፈረንሳይ ፍራንክ ጋር ተሳስሮ ሳለ፣ የሴኤፍኤ ዋጋ በአንድ ጊዜ በግማሽ ወረደ፤ በ50 ሴኤፍኤ ይመነዘር የነበረው 1 የፈረንሳይ ፍራንክ 100 ሴኤፍኤ ሆነ። ከውጭ የሚገባው መድኃኒት ሳይቀር ናረ፤ ከባዱን ሸክም የተሸከመው የከተማ ደሞዝተኛ ነው።

መልስ፦ መውጣትም ተሞክሯል። ጊኒ በ1960 የራሷን ገንዘብ አተመች። ማሊ በ1962 ወጣች፣ በ1984 ተመለሰች።